የማሟያው ድንጋይ

አረፍ በሉና ስለ አንድ አገር ላውጋችሁ። ስሙን አልጠራም። ብጠራው ድንበሩ ወዴት ነው፣ ንጉሡስ ማን ይባላል ማለታችሁ አይቀርም፤ ለዚያ ደግሞ ጊዜ የለኝም። ማወቅ ያለባችሁ አንድ ነገር ነው፦ በዚያ አገር ምንም አይጎድልም ነበር። እንዳይጎድል ሕግ ወጥቶለታል።

ሕጉ የእኩል ሕግ ይባላል። በየመንደሩ መግቢያ ከግራር እንጨት የተሠራ ትልቅ ሚዛን ተተክሏል። ሁለቱ ሳህኖቹ ሰው እግሩን ዘርግቶ የሚተኛባቸው ናቸው። ግራው «የነበረ»፣ ቀኙ «ያለ» ይባላል። አንድ ሰው አንድን ነገር ወደ ሌላ ነገር ሲለውጥ፣ በመጀመሪያው ክብደት ልክ አሸዋ ተሰፍሮ ግራው ላይ ይቀመጣል፤ ሥራው ሲያልቅ የወጣው ነገር ቀኙ ላይ ይጫናል። እኩል ከሆነ ከበሮ ይመታል፣ ሕዝቡም «እኩል ነው!» እያለ ሦስት ጊዜ ይመልሳል። ሕዝቡ ሦስት ጊዜ ካልመለሰ ሚዛኑ አልጸደቀም ማለት ነው፤ ግን ሳይመልስ የቀረበት ጊዜ ስላልነበረ ይህን አንቀጽ የሚያስታውሰው ሰው ጥቂት ነው።

እኩል ካልሆነስ? ለዚህማ የማሟያ አዛዥ ተሹሟል። አዛዡ በበቅሎ የተጫነ ነጭ ድንጋይ አስከትሎ ይመጣና በጎደለው ልክ አንዱን መርጦ ቀኙ ሳህን ላይ ያኖራል። የሚዛኑ ክንድ ቀጥ ይላል፣ ከበሮው ይመታል፣ ሁሉም ወደ ቤቱ ይሄዳል። የጎደለው የት ገባ ብሎ የሚጠይቅ የለም። ምን ጎደለና? ሚዛኑን እዩት እንጂ፣ እኩል ነው።

ያ ማሟያ ድንጋይ ከዚያ በኋላ የቤቱ ነው። መጣል ክልክል ነው፣ መስበር ክልክል ነው፣ መገልበጥም ክልክል ነው። ሊጥ አስገብቶ ቀለል ያለ ዳቦ ያወጣ ሰው ከዳቦው ጋር ጡጫ የምታህል ድንጋይ ይዞ ይገባል። ቋንጣ ያደረቀም እንደዚሁ። ስለዚህ የዚያ አገር ቤቶች በድንጋይ የተሞሉ ነበሩ። እንግዳ ሲመጣ «እዚያ ላይ ተቀመጥ፤ አይ፣ እሱ የአምናው ቋንጣ ነው፣ ይቆረቁራል፤ የልጄ ሠርግ ዳቦ ላይ ተቀመጥ» ይባላል። ማንም አይስቅም። ለምደውታል።

በዓመት አንድ ቀን ደግሞ፣ እህል ከገባ በኋላ በኅዳር፣ ሰው ራሱ ይመዘናል። እያንዳንዱ ሰው ሙሉ ሰው ሲሆን በክብደቱ ልክ የአሸዋ ከረጢት ይሰፋለታል። በመመዘኛው ቀን የቤተሰቡ ከረጢቶች ግራው ላይ፣ ቤተሰቡ ቀኙ ላይ ይወጣል። የከሳ ሰው ከማለዳ ጀምሮ ውሃ ሲጋት ያረፍዳል፤ የወፈረ ደግሞ ጫማውን፣ ጋቢውን፣ አንዳንዴም አስነዋሪ በሆነ መንገድ ሌላውንም አውልቆ ይወጣል። ሰው የሞተ እንደሆነ ከረጢቱ መቃብሩ ላይ ይፈታል፣ አሸዋው ይፈሳል፣ ይለቀሳል። አስቸጋሪው ሳይሞት የሌለ ሰው ነው። ከረጢቱ ግራው ላይ አለ፣ እሱ ቀኙ ላይ የለም። ለዚህም አዛዡ በሰውዬው ልክ ድንጋይ ያኖራል። ከበሮው ከተመታ ወዲያ ቤተሰቡ ሙሉ ነው። ከዚያ በኋላ የዚያን ሰው ስም የጠራ «ሚዛን አዛብቷል» ተብሎ ስሙን በጠራው ቁጥር ልክ ድንጋይ ተሸክሞ መንደሩን ይዞራል።

በዚህ አገር፣ በአንዱ መንደር፣ ትርንጎ የምትባል ኖራ አቃጣይ ነበረች። የንጉሡ ግድግዳ ዓመቱን ሙሉ ነጭ መሆን ስላለበት ኖራ ሁሌም ይፈለጋል። ሥራው እንዲህ ነው፦ ነጭ ድንጋይ ተጠርቦ፣ ተከምሮ፣ እቶን ውስጥ ሦስት ቀን ይነዳል። የወጣው ሲያዩት ያው ድንጋይ ነው፤ ሲያነሱት ግን ከብዶ የነበረው ቀሏል፤ ውሃ ሲያፈሱበት ይንተከተክና ዱቄት ይሆናል። መቶ ነጥር ድንጋይ ይገባል፣ ሃምሳ ስድስት ነጥር ኖራ ይወጣል። በዚህ ምክንያት የትርንጎ ግቢ በመንደሩ አንደኛ ማሟያ ድንጋይ ያለበት ግቢ ነበር። ያን ሁሉ የሚቃጠል ድንጋይ እያየች አንዱንም መንካት አትችልም።

ድንጋዩን የሚጠርብላት ታናሽ ወንድሟ ደምለው ነው። እናትና አባታቸው ካለፉ አሥራ አምስት ዓመት ሁለቱ ብቻ አብረው ኖረዋል። ደምለው በግራ እጁ የሚሠራ ሰው ነው። ሌላው ጠራቢ ሁሉ የመሮው ጭረት ከላይ ከቀኝ ተነስቶ ወደ ታች ወደ ግራ ይወርዳል፤ የደምለው ግን ከላይ ከግራ ተነስቶ ወደ ታች ወደ ቀኝ ይሄዳል። ሥራ ሲጀምርም የመሮውን ስለት ለመሞከር የድንጋዩን ጥግ ሦስት ጊዜ ኮክ፣ ኮክ፣ ኮክ ማድረግ ልማዱ ነው። ትርንጎ ደግሞ ጠያቂ ናት። ጭሱ ለምን ወደ ላይ? ውሃው ለምን ይንተከተካል? ድመቷ ለምን እዚያ ብቻ ትተኛለች? ደምለው «እትዬ፣ ያንቺ ጥያቄ ቢመዘን በቅሎም አይችለው» እያለ ይስቅባት ነበር።

በሐምሌ አንድ ማለዳ ደምለው የደነዘ መሮውን ሊያስል አንጥረኛ ዘንድ ሄደ።

«ቁርስህን ቀምሰህ አትሄድም?» አለችው።

«ስመለስ፣ እትዬ። እንዳታነሺው።»

አላነሳችውም። ቁርሱ ሳህን ላይ ደርቆ ሰነበተ፤ ደምለው ግን አልተመለሰም። አንጥረኛው መሮውን ስሎ እንደሸኘው ምሎ ነገራት። መንገድ ላይ ያየው ሰው የለም፤ ያየ ቢኖርም አላየም። ከመንደሩ በሦስት ዓመት ውስጥ እንዲህ ሲሆን እሱ ሦስተኛው ነው።

በሳምንቱ የማሟያ አዛዡ ዘንድ ሄደች። አዛዥ ወንድይፍራው ይባላል፤ ረጅም፣ ንጹሕ፣ ድምፁ ለስላሳ ሰው ነው። ክፉ ሰው ነበር አልልም፤ ሥራውን የሚወድ ሰው ነበር።

«ጌታዬ፣ ወንድሜ ጠፍቶብኝ ነው» አለች።

«እንግዲህ ጠፋ።»

«የት እንደሆነ ይፈለግልኝ ብዬ ነው።»

«አንቺ ሴትዮ፣ የት እንዳለ ከታወቀ ጠፋ ይባላል እንዴ? ጠፋ ማለት የትም የለም ማለት ነው። አይዞሽ። በኅዳር በልኩ ድንጋይ ይቀመጥልሻል። እኔ ራሴ ነኝ የምመርጥልሽ፣ ለስላሳውን።»

«ድንጋይ አልፈልግም፣ ጌታዬ። እኔ የምፈልገው ሰዉን ነው።»

አዛዡ ፈገግ አለ። «ኖራ አቃጣይዋ አይደለሽም? መቶ ነጥር ስታስገቢ ስንት ይወጣልሻል?»

«ሃምሳ ስድስት።»

«አርባ አራቱስ?»

ትርንጎ ጥላሸት የያዙ እጆቿን አየች።

«ጠፋ!» አለ አዛዡ እጁን ከፈት አድርጎ። «አሥራ አምስት ዓመት ሙሉ ሲጠፋ አንድ ቀን አልቅሰሽለት ታውቂያለሽ? የት ሄደ ብለሽስ ደጄን ጠንተሻል? ነገር ይጠፋል፤ እኛ እናሟላለን። አገር የሚኖረው እንዲህ ነው።»

እያለቀሰች ወጣች። ግማሽ መንገድ ላይ ስትደርስ ግን እንባዋ ቆመ። ሰውዬው ሊያሳፍራት የተናገረው ነገር እውነት ነበረ። አርባ አራቱ የት ሄደ? አሥራ አምስት ዓመት ስለ ጭስና ስለ ድመት ስትጠይቅ እንዴት ይህን ሳትጠይቅ ቀረች? የራሷን እቶን ሳትጠይቅ ንጉሡን ልትጠይቅ መሄዷ አናደዳት። የአርባ አራቱን ነገር ካወቀች የወንድሟንም ነገር የምትይዝበት ጫፍ ታገኛለች፤ ካላወቀች ደግሞ በኅዳር ድንጋይ ይቀመጥና ስሙ እንኳ ከአፏ ይወሰዳል። አራት ወር አላት።

ትልቁን ሚዛን የሚጠብቁት አያ ይመር የሚባሉ ሽማግሌ ነበሩ። ለጥቃቅን ነገር የሚሆን የእጅ ሚዛንም ነበራቸው። በማግስቱ ቤታቸው ሄደች።

«አያ ይመር፣ የእጅ ሚዛንዎን ያውሱኝ።»

«ምን ልትመዝኚበት ነው?»

«የጠፋውን።»

ሽማግሌው ዙሪያቸውን ቃኙና «ልጄ፣ የጠፋ ይመዘናል እንዴ?» አሉ። ቢሆንም ሚዛኑን ከነሳጥኑ አወጡላት፤ እሳቸውም ተከትለዋት መጡ። ቤታቸው የተቀመጡበት ድንጋይ ሰው የሚያህል፣ የጠፋ ሰው ማሟያ እንደሆነ ትርንጎ አውቃለች፤ ከመጣ ሦስት ዓመቱ ነው። ስለሱ ግን ሁለቱም አልተነፈሱም።

መጀመሪያ እርጥበቱ ይሆናል የጠፋው ብላ ድንጋዩን ምድጃ ዳር አሥር ቀን አደረቀችና አቃጠለች። ከመቶ ወቄት ሃምሳ ስድስት ወጣ። ከዚያ እሳቱ በልቶት ይሆናል አለች፤ እንዲያ ከሆነ ብዙ እሳት ብዙ መብላት አለበት ብላ ማገዶውን እጥፍ አደረገችው። ሃምሳ ስድስት። ድንጋዩን ግማሽ አደረገችው፤ ሃያ ስምንት ወጣ፣ ሃያ ሁለት ጠፋ። ሩቡን ሞከረች፤ አሥራ አንድ ጠፋ።

«አያ ይመር፣ ይኼ ነገር ሌባ አይደለም» አለች በመጨረሻ፣ ጥላሸት የነካ ግንባሯን እየጠረገች። «ሌባ ልክ አያውቅም። አንድ ቀን ብዙ ይወስዳል፣ አንድ ቀን ይደነግጥና ጥሎ ይሮጣል። ይኼ ከመቶ አርባ አራት ብሎ የማይዛነፍ ነገር ምንድነው?»

«እኔ ምን አውቃለሁ፣ ልጄ?»

«ልክ ያለው ነገር አልጠፋም። ሄደ እንጂ።»

ሽማግሌው ከንፈራቸውን መጠጡ፤ ግን በሚቀጥለው ቀን ሳይጠሩ መጡ።

ከዚያ ትርንጎ ሥራዋን ከኋላ ወደ ፊት ሠራችው። አንድ ሰፊ ገበታ ላይ፣ በሐምሌ ትልቁ ሚዛን ላይ ወጥቶ በድንጋይ የተሟላውን ሃምሳ ስድስት ወቄት ኖራ በስሱ አሰጣች፤ ጣራ ሥር፣ ዝናብ እንዳይነካው፣ ዶሮ እንዳይረግጠው። በየቀኑ ውሃ እፍ ትልበታለች፣ ታገላብጠዋለች። በየሳምንቱ አድርቃ አያ ይመር ፊት ትመዝነዋለች። ስልሳ አንድ ሆነ። ስልሳ ስምንት ሆነ። ሰባ ዘጠኝ።

«ውሃሽን ጠጥቶ ነው» አሉ አያ ይመር።

«ፀሐይ ላይ ሦስት ቀን ውሏል። ነክተው ይዩት።»

ነኩት። ደረቅ ነው። በጥቅምት መጨረሻ መቶ ሞላ። ትርንጎ ሌላ ሳምንት ጠበቀች፤ አንዲት ቅንጣት አልጨመረም። ሌላም ሳምንት ጠበቀች፤ ያው መቶ። ከገበታው ላይ ቆንጥራ ውሃ ውስጥ ከተተችው፤ እንደ ኖራ አልተንተከተከም፤ ዝም ብሎ እንደ ድንጋይ ዱቄት ታች አረፈ። ድንጋይ ሆኖ ነበር። የሄደው አርባ አራት እጅ፣ ማንም ሳይጠራው፣ ቤቱን አውቆ ተመልሷል።

በዚያን ሰሞን አንድ ነገር ደግሞ አገኘች። የኖራ ውሃ ሲረጋ ላይ ላዩ እንደ ምንጭ ውሃ የጠራ ይሆናል። ከዚያ በብርጭቆ ቀድታ አቧራውን ከላዩ ለማባረር እፍ ስትል ውሃው ጭጋግ ነገር ያዘ። ተገረመችና መቃ አምጥታ ውስጡ ድረስ ነፋችበት። ውሃው ነጭ ሆነ፤ ሲረጋም ከሥሩ ነጭ ዱቄት ተኛ። አያ ይመርን አስነፋቻቸው። የሳቸውም ትንፋሽ ነጭ አደረገው።

«ምንድነው ይኼ?» አሉ ሽማግሌው መቃውን ከአፋቸው አውጥተው።

«እሱ ነው» አለች ትርንጎ። «አርባ አራቱ የሚሄድበት ቦታ አለው። አየሩ ውስጥ አለ፣ እኛ ሆድ ውስጥ አለ። ጠፋ ሲሉን ስንተነፍሰው ኖረናል። አዛዡ ራሳቸውም ጠፋ ሲሉ ከአፋቸው ይወጣ ነበር።»

አያ ይመር ብርጭቆውን ወደ ብርሃን አንስተው አዩት። ከዚያ በቀስታ፣ ለራሳቸው የሚናገሩ ይመስል፣ «ታዲያ የኔ ልጅስ?» አሉ። በሦስት ዓመት ውስጥ ስለ ልጃቸው ሲናገሩ ትርንጎ ስትሰማ የመጀመሪያዋ ነበር። ስሙን ግን አልጠሩም።

የትርንጎ ዓይን ግቢዋ ውስጥ በተከመረው ማሟያ ድንጋይ ላይ አረፈ። ቀስ ብላ ተነስታ አጠገቡ ቁጢጥ አለች።

«አያ ይመር፣ ይኼ ድንጋይ ከየት ነው የሚመጣው?»

«ከአዛዡ ነዋ።»

«አዛዡ ድንጋይ አይወልድም። እዚህ የተጨመረ ነገር የሆነ ቦታ ጎድሏል። ቀዩን ሥር ይዩት፣ ዝገት የሚመስለውን። እንዲህ ያለ ሥር ያለው ድንጋይ ከነጩ ተራራ በቀር የትም የለም።»

ነጩ ተራራ የግማሽ ቀን መንገድ ነው፤ ከንጉሡ አጥር ጀርባ ስለሆነ ማንም አይሄድበትም። አያ ይመር ዓይናቸውን ጠበብ አድርገው ወደዚያ አቅጣጫ አዩ። «ተራራው ዘንድሮ አጥሮብኛል ስል ዓይኔ ይመስለኝ ነበር» አሉ።

«በዓመት ስንት ድንጋይ ይመጣልናል?»

«እኔ ነኝ የማራግፈው። ትልቁም ትንሹም ተደምሮ ስድስት መቶ አይጎድልም።»

«አዛዡ የሚያዝባቸው መንደሮች አርባ ናቸው። ስድስት መቶ በአርባ፣ ሃያ አራት ሺህ። አንድ ጠራቢ ሰንበቱና በዓሉ ተነስቶለት፣ ክረምቱ ተነስቶለት፣ በዓመት ሁለት መቶ ቢጠርብ ነው። ወንድሜን አውቀዋለሁ፣ ከዚያ በላይ አይገፋም።» በመሬቱ ላይ በጣቷ ጫረች። «መቶ ሃያ ጠራቢ ያስፈልጋል። ለመሆኑ በዚህ አገር ለማሟያ ድንጋይ ጠራቢ ሆኜ ተቀጥሬያለሁ የሚል አንድ ሰው ያውቃሉ?»

«አንድም።»

«ከያንዳንዱ መንደር ስንት ሰው ነው የጠፋ?»

አያ ይመር ሦስት ጣታቸውን አነሱ። ሦስት በአርባ ስንት እንደሆነ እናንተም ታውቃላችሁ። ሰው ስለጠፋ ድንጋይ ይጠረባል፤ ድንጋይ ስለሚጠረብ ሰው ይጠፋል። ትርንጎ እዚያው ቁጭ ብላ፣ ደስ ብሏት ይሁን አዝና ሳታውቀው፣ አለቀሰች። ደምለው መሮ የያዘ ሰው ነበር፣ ያውም አዲስ የተሳለ።

ግን ይህ ሁሉ ስሌት ነው። ለአዛዥ ስሌት ብትነግሩት ስሌቱንም ያሟላላችኋል።

የኅዳሩ ቀን ደረሰ። መንደሩ በሙሉ ወጣ። የከሱት ውሃቸውን ጠጥተው ሆዳቸውን ይዘዋል፤ የወፈሩት ባዶ እግራቸውን ናቸው። አዛዥ ወንድይፍራው ነጭ ለብሶ፣ ጸሐፊውን አስቀምጦ፣ በቅሎዎቹን አሰልፎ መጣ። ሕጉ ሲነበብ ማስነጠስ፣ መሳቅና ወደ ተራራው ማየት ክልክል ነው።

የትርንጎ ተራ ሲደርስ ገበታዋን ይዛ ቀረበች።

«ከኔ በፊት ይህ ይመዘንልኝ፣ ጌታዬ። በሐምሌ መቶ ወቄት ድንጋይ ነበረ። ሃምሳ ስድስት ወጣ ተብሎ በአርባ አራት ወቄት ድንጋይ የተሟላ ነው። ተጽፏል።»

ጸሐፊው ገለጠ፤ ተጽፏል። የመቶው አሸዋ ግራው ላይ ተቀመጠ። ገበታዋ ላይ ያለው ዱቄት ከማሟያ ድንጋዩ ጋር ቀኙ ላይ ወጣ። የሚዛኑ ክንድ ወደ ቀኝ ወረደና ሳህኑ መሬት መታ።

እንዲህ ያለ ነገር ታይቶ አይታወቅም። አዛዡ ዱቄቱን አየ፣ ድንጋዩን አየ። «በዛ!» አለ። «ጸሐፊ፣ የበዛ እንደሆነ ሕጉ ምን ይላል?»

ጸሐፊው ከመጀመሪያው ቅጠል እስከ መጨረሻው ገለጠ፤ ወደ ኋላም ገለጠ። «ስለ ጎደለ ነው እንጂ ስለ በዛ የሚል የለም፣ ጌታዬ።»

«የጠፋው ተመልሶ ነው» አለች ትርንጎ። «ሲመለስ ድንጋዩ ቦታውን ይዞ አገኘው።»

ከሰዉ መካከል አንድ ሰው አስነጠሰ፤ ሳቅ እንደሆነ ሁሉም ያውቃል። በዚህ ጊዜ አያ ይመር፣ ማንም ሳያዛቸው፣ ወደ ሚዛኑ ቀርበው ማሟያ ድንጋዩን ከቀኙ ሳህን አነሱት። ክንዱ ተወዛወዘ፣ ቀስ አለ፣ ቀጥ ብሎ ቆመ። ድንጋይ ሳይኖርበት። በዚያ የነበሩ ሰዎች ሚዛን በራሱ ሲስተካከል በዕድሜያቸው ያዩት ያን ቀን ነው።

«ይበቃል!» አለ አዛዡ፤ ለስላሳ ድምፁ ትንሽ ሻከረ። «ዱቄት ዱቄት ነው። የዚህች ሴት ቤተሰብ ይመዘን!»

ሁለት ከረጢት ግራው ላይ ወጣ። ትርንጎ ብቻዋን ቀኙ ላይ ወጣች። ግራው ወረደ። አዛዡ ጣቱን አነሳ፤ ሁለት ሰዎች ከመጨረሻው በቅሎ ላይ አንድ ድንጋይ አውርደው ተሸክመው መጡ። ቃሉን ጠብቋል፤ ለስላሳ ነበር፣ አዲስ የተጠረበ፣ ዱቄቱ ገና ያልተራገፈ። አጠገቧ ሊያኖሩት ጎንበስ ሲሉ ትርንጎ አየችው።

ጭረቱ ከላይ ከግራ ተነስቶ ወደ ታች ወደ ቀኝ ይወርዳል።

እጇን ሰዳ ጥጉን ዳበሰች። ኮክ፣ ኮክ፣ ኮክ። ሦስት ጠባሳ።

«ይህን የጠረበው ወንድሜ ነው!» አለች።

«ድንጋይ ድንጋይ ነው፤ በሉ እናንተ፣ አኑሩት!» አለ አዛዡ።

«እዩት! የሁሉ ሰው መሮ ከቀኝ ነው የሚወርደው፣ ይኼ ከግራ ነው!»

«ገልብጠው ስላመጡት ነው።»

«ገልብጡታ!»

ተሸካሚዎቹ አዛዡን አዩ፣ እሷን አዩ፤ ከዚያ፣ ምናልባት ራሳቸውም ማየት ፈልገው፣ ላዩን ወደ ታች ታቹን ወደ ላይ አዞሩት። ጭረቱ ያው ከግራ ወደ ቀኝ ወረደ። ደግመው አዞሩት። ያው ነው። ትርንጎ ከሳህኑ ወርዳ ድንጋዩን በሁለት እጇ አቀፈችው። «ለጠፋ ሰው ማሟያ እንዲሆን ድንጋዩን የሚጠርበው ያው የጠፋው ሰው ነው» አለች። «የራሱን ልክ አስጠርበውታል። የትም የለም ያሉኝ ሰው በዚህ ሳምንት መሮ ይዞ ነበር።»

አዛዡ ድንጋዩን ሳህኑ ላይ አስጫነ፣ ተሸካሚዎቹም እሷን በእጇ ይዘው ወደ ሳህኑ መለሷት፤ የሚዛኑ ክንድ ቀጥ አለ። ከበሮ መችው መታ።

«እኩል ነው!» አለ አዛዡ።

ማንም አልመለሰም። ከበሮው እንደገና ተመታ። «እኩል ነው!» አለ አዛዡ ጮክ ብሎ። ሰዉ ዝም። አያ ይመር ጀርባቸውን ሰጥተው ወደ ቤታቸው ይሄዱ ነበር፤ ሌሎችም አንድ በአንድ ተከተሉ። ሦስተኛው ከበሮ ሲመታ ሚዛኑ አጠገብ የቀሩት አዛዡ፣ ጸሐፊው፣ ከበሮ መችው፣ በቅሎዎቹና ትርንጎ ነበሩ።

አያ ይመር ቤታቸው ገብተው ሦስት ዓመት የተቀመጡበትን ድንጋይ ከጎረቤታቸው ጋር ሆነው ገለበጡት። ልጃቸው ሸማኔ ነበር እንጂ ጠራቢ አልነበረም። ከድንጋዩ ሥር፣ መሬቱን ነክቶ በኖረው በኩል፣ ባልለመደ እጅ የተጫረ ጥለት ነበር፤ የልጃቸው እናት ቀሚስ ላይ የነበረው ጥለት፣ ሳይዛነፍ። ሽማግሌው በጉልበታቸው ተንበርክከው በጣታቸው ዱካውን ተከተሉት። «ስማቸው» አሉ። «ስማቸው። ስማቸው።» ሦስት ጊዜ የልጃቸውን ስም ጠሩ፤ ሦስት ድንጋይ የሚያሸክም ጥፋት ነው። የሚያሸክማቸው ግን አልነበረም፤ መንደሩ ሁሉ በየቤቱ ድንጋይ እየገለበጠ ነበር።

በማግስቱ ማለዳ መንደሩ ወጣ። ድንጋዩን በአህያ፣ በበቅሎ፣ በጀርባ ጭኖ፣ በጠራራ ፀሐይ፣ እንዳይታይ ወደተከለከለው ተራራ እያየ ሄደ። አጥሩ ዘንድ ያሉት ዘበኞች ምን ይዛችሁ ነው ሲሉ ትርንጎ «ድንጋያችሁን ይዘን መጣን፤ ሰዋችንን መልሱልን፤ እኩል ይሆናል» አለቻቸው። ድንጋይ ተሸክሞ የሚመጣን ሰው ስለ ማስቆም የተጻፈ ሕግ ስላልነበረ፣ ዘበኞቹ መጽሐፍ ሊጠይቁ ሲሄዱ ሰዉ አለፈ።

የተራራው ሆድ ተቦርቡሮ ነበር። ከውስጡ የመሮ ድምፅ ይመጣል፤ መቶ ሃያ መሮ፣ አንዱ ካንዱ ሳይለይ፣ እንደ ዝናብ። ሰው አይታይም፤ ነጭ አቧራ ብቻ ነው። ትርንጎ የደምለውን ድንጋይ ከበቅሎ ላይ አስወርዳ፣ መሬት ላይ አስቀመጠችና፣ እንዳይጠራ የተከለከለውን ስም ባላት ድምፅ ሁሉ ጠራችው።

«ደምለው!»

ከመቶ ሃያው መሮ አንዱ ዝም አለ።

እኔ የሰማሁት እዚህ ድረስ ነው፤ የሰማሁትንም ሰጠኋችሁ። ጨምሬ ከሆነ ቀንሱልኝ። አጉድዬ ከሆነ ግን አደራ፣ በድንጋይ አታሟሉት፤ ጠይቁ።